ወጥ በእንጀራ፦ ስኳር ላለበት ሰው የጾም ማዕድ አዘገጃጀት

እናቴ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር አለባት። አንድ ሁዳዴ፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ምሳ በልታ ሁለት ሰዓት ቆይታ ስኳሯን ስትለካ 247 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ወጣ። መሣሪያውን አገላብጣ አየችው። "ሥጋ አልበላሁ፣ ቅቤ አልቀመስኩ፣ ይሄ ስኳር ከየት መጣ ልጄ?" አለችኝ።

መልሱ ትሪው ላይ ነበር። ሁለት እንጀራ በልታለች። መሃሉ ላይ አንድ ጭልፋ ሽሮ፣ ዳር ላይ ጥቂት ድንች ወጥ። ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም ከዕፅዋት የተሠራ ነው። ግን እንጀራውም ድንቹም ሆድ ሲገባ ወደ ስኳር የሚለወጥ ካርቦሃይድሬት ነው። በጾም ቀን ሥጋና እንቁላል ሲቀር ቦታውን የሚሞላው ብዙ ጊዜ ተጨማሪ እንጀራ ነው። ወይ ዳቦ ነው። ወይ ፓስታ ነው።

የሚያሳዝነኝ ለዚህ በሽታ የሚስማማው ምግብ እዚያው ጓዳችን ውስጥ መኖሩ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ተልባ። ያስቸገረን መጠኑ ነው። እኛ እንጀራ በወጥ እንበላለን። ስኳር ያለበት ሰው ወጥ በእንጀራ ይብላ። ከዚህ በታች ያለው እናቴ ቤት ደረጃ በደረጃ ያደረግነው ነው። የሚጾምም፣ ሥጋ ጭራሽ የተወም ሊሠራበት ይችላል።

1. ሳህኑን ከመንካታችሁ በፊት ሐኪም አናግሩ

ኢንሱሊን የምትወጉ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የምትውጡ ከሆነ ይህን አትዝለሉት። የእነዚህ መድኃኒቶች መጠን ከምትበሉት ጋር የተያያዘ ነው። እንጀራው በአንድ ጊዜ በግማሽ ቀንሶ መድኃኒቱ እንደነበረ ከቀጠለ ስኳራችሁ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ሌላው የስኳር ክኒን፣ ሜትፎርሚን፣ ብቻውን ሲወሰድ እንዲህ የማድረግ ዕድሉ ትንሽ ነው። ለማንኛውም "እንጀራ ልቀንስ ነው፣ ጥራጥሬና አትክልት ላበዛ ነው" ብላችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩ። መድኃኒት በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቁሙ። አንደኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ምንም ቢበላ ያለ ኢንሱሊን መኖር አይችልም።

ኩላሊታችሁ ተጎድቷል ከተባላችሁም ጠይቁ። ጥራጥሬና ጎመን ፖታሲየም ስላላቸው ለእናንተ የሚፈቀደው መጠን የተለየ ሊሆን ይችላል።

2. አንድ ሳምንት እንደለመዳችሁት እየበላችሁ ለኩ

ምንም ሳትቀይሩ። የትኛው ምግብ ስኳራችሁን እንደሚሰቅለው የሚነግራችሁ የራሳችሁ ደም ነው። የጎረቤት ምክር አይደለም።

ስትሪፕ (ደም የሚነካው የመለኪያው ወረቀት) ውድ ስለሆነ በየሰዓቱ መውጋት አያስፈልግም። በቀን አንድ ምግብ ምረጡ። ከመብላታችሁ በፊት አንዴ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ከበላችሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዴ። እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። ብርቱካን የላጠ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ የውሸት ከፍ ያለ ቁጥር ያወጣል። ስትወጉ የጣታችሁን ጎን ውጉ፣ ከጫፉ ያነሰ ያማል።

ለብዙ አዋቂዎች የሚመከረው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ምግብ ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ180 በታች ነው። ለአረጋዊ ወይም ሌላ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ ላላ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ቁጥሩን ከምግቡ ጋር ደብተር ላይ ጻፉ። "ሽሮ በሁለት እንጀራ፣ 247" እንደሚለው።

3. ሳህኑን ከፋፍሉ

ከትሪ አብሮ መብላት ደስ ይላል። ግን ስንት እንጀራ እንደበላችሁ አታውቁም። እየተጨመረ ነው የሚበላው። ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ለብቻችሁ ጠፍጣፋ ሳህን ያዙ። የሳህኑ ግማሽ አትክልት ይሁን። ሩቡ ጥራጥሬ፣ ሩቡ እንጀራ።

እኛ ቤት እንዲህ አደረግን። አንድ እንጀራ በቢላ አራት ቦታ ቆረጥኩ። ሁለቱን ቁራጭ ጠቅልዬ ሳህኑ ዳር አስቀመጥኩ። የቀረውን መሶብ ውስጥ መልሼ ከደንኩት። በአንድ በኩል ጎመንና ፎሶሊያ በካሮት፣ በሌላው በኩል ድፍን ምስር ወጥ። እናቴ መብላት ጀመረች። እንጀራው አለቀ፣ ግማሽ ወጥ ሳህኑ ላይ ቀረ። መሶቡን አየችው። እኔ ማንኪያ አቀበልኳት። "ወጥ በማንኪያ ይበላል እንዴ?" አለች። በላችው። ከሁለት ሰዓት በኋላ 171።

አንድ ምግብ ብቻ ነው፣ የአንድ ሰው ቁጥር ብቻ ነው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው መለካት ያለባችሁ።

ሌላ ትንሽ ዘዴ አለ። መጀመሪያ አትክልቱን፣ ቀጥሎ ጥራጥሬውን፣ መጨረሻ ላይ እንጀራውን ብሉ። ያው ምግብ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ስኳር ቀስ ብሎ ይወጣል። ለሚጎራረስ ሰው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ቢያንስ ሰላጣውን ቀድማችሁ ጨርሱ።

4. ስለ እንጀራው

"ጤፍ ለስኳር መድኃኒት ነው" ሲባል ትሰማላችሁ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው። ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ከነቅርፊቱ ይፈጫል። ብረት አለው፣ አሰር (ፋይበር) አለው። ግን 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ። ቀይም ሆነ ነጭ፣ ሁለት ሙሉ እንጀራ ሁለት ሙሉ እንጀራ ነው።

ከሱቅ ስትገዙ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ። ሩዝ የገባበት ነጭ ልስልስ እንጀራ ከንጹሕ ጤፍ ጋር እኩል አይደለም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። ብዙው እንጀራ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት አለበት። "ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት" የሚለውን መስመር ከአንዱ እንጀራ መጠን ጋር አስተያዩት።

5. ጥራጥሬውን አብዙ፣ ድፍኑን ምረጡ

የዚህ ሁሉ ምሰሶ ይሄ ነው። የተቀቀለ ምስር 100 ግራም ሲመዘን 20 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት አለው። ከዚያ ውስጥ 8 ግራም የሚሆነው አሰር ነው፣ ወደ ስኳር አይለወጥም። 9 ግራም ገደማ ፕሮቲንም አለው። ያጠግባል፣ ስኳሩን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ሽምብራም ባቄላም እንዲሁ።

በተለይ ደጋግማችሁ ሥሩ የምላችሁ አዚፋ ነው። ለአራት ሰው፦ አንድ ኩባያ ድፍን ምስር ለቅማችሁ እጠቡ። በሦስት ኩባያ ውሃ 25 ወይም 30 ደቂቃ ቀቅሉ። ሊፈርስ ሲል አውጡት፣ ሾርባ እስኪሆን አትጠብቁ። ውሃውን አጥልላችሁ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ግማሹን በእንጨት ማንኪያ ደፍጥጡ፣ ግማሹ ፍሬው እንዳለ ይቅር። አንድ ቀይ ሽንኩርትና ሁለት ቃሪያ አድቅቃችሁ ክተፉበት። የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ በትንሽ ውሃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቁንጥጫ ጨው። አለቀ። ሰናፍጩ አፍንጫ ካልነካ ጨምሩበት። ፍሪጅ ካላችሁ ለነገም ይሆናል፣ ሲያድር እንዲያውም ይጣፍጣል። እናቴ ይህን ያለ እንጀራ፣ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልላ መብላት ለምዳለች።

ሽሮ መተው የለባችሁም። ግን ቀጭን ሽሮ አብዛኛው ውሃና ዘይት ነው፣ አያጠግብም፣ ስለዚህ እንጀራ ይጎትታል። ወፈር አድርጋችሁ ሥሩት። ከመውጣቱ በፊት ሁለት እፍኝ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን ወይም ቆስጣ ጨምሩበት። ዱቄቱን ከምታምኑት ሰው ግዙ፣ ወይም ሽምብራውንና አተሩን ራሳችሁ አስፈጩ። ሌላ ዱቄት የተቀላቀለበት ሽሮ ገበያ ላይ አይጠፋም።

የሽምብራ አሳ፣ የባቄላ ሥልጆ፣ የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ፣ ሁሉም እዚሁ ሩብ ሳህን ላይ ይገባሉ። የስንዴ ንፍሮ ግን ከእንጀራው ሩብ ይቆጠር። ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ ይነፋል። በትንሹ ጀምሩ፣ ሌሊቱን ነክራችሁ የነከራችሁበትን ውሃ ድፉ።

6. አትክልቱን እንዲበላ አድርጋችሁ ሥሩት

ግማሽ ሳህን ጎመን ካልጣፈጠ ማንም አይበላውም። ሁለት ሽንኩርት ከትፋችሁ በደረቁ አቁላሉ። ሲይዝባችሁ ውሃ ጠብ አድርጉ። አምስት ደቂቃ ካቁላላችሁት በኋላ ለአራት ሰው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። የታጠበና የተከተፈ የአበሻ ጎመን ጨምራችሁ ክደኑት፣ 20 ደቂቃ ይብሰል። ቃሪያ መጨረሻ ላይ።

ዘይቱን በማንኪያ ለኩ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። እናቴ ከጄሪካኑ በዓይን መጠን ስትገለብጥ በማንኪያ መልሼ ለካሁት። ሰባት ማንኪያ ነበር። ዘይት ወዲያው ስኳር አይጨምርም፣ ክብደት ግን ይጨምራል። ክብደት ሲጨምር ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ መጠቀም ያቅተዋል። ብርድ ላይ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጀው ዓይነት ስብ ስለሆነ፣ አቅም ከፈቀደ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ይሻላል።

ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ አበባ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ሁሉም እዚህ ግማሽ ላይ ይገባሉ። ድንች፣ ስኳር ድንችና በቆሎ አይገቡም። እነሱ የእንጀራ ዘመድ ናቸው። ድንች ወጥ ከበላችሁ እንጀራውን ቀንሱ።

7. የማይታዩት ወጥመዶች

ፍርፍር። የጾም ቁርስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን እሱ ነው። እንጀራ በእንጀራ ማለት ነው። እናቴ ደብተር ላይ ትልቁ ቁጥር የፍርፍር ነው። ካማራችሁ አንድ ሩብ እንጀራ ብቻ ፈርፍሩ፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን አብዙ፣ በማንኪያ ብሉት።

ጭማቂ። ስፕሪስ ጤናማ ይመስላል። ግን አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ አለ፣ ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። ፍራፍሬውን ሳትጨምቁ ብሉት። አንድ ብርቱካን፣ አንድ ዘይቱን፣ አንድ ቁራጭ ፓፓያ። አቮካዶ ስኳሩ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግማሹን ከሰላጣ ጋር ብትበሉት ጥሩ ነው።

ማርና ተምር። "የተፈጥሮ ነው" ተብሎ ይበላል። ሁለቱም ስኳር ናቸው።

ለስላሳ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ስምንት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለ።

ቡና። ቡናው ራሱ ስኳር የለበትም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ሲገባ ግን ስድስት ማንኪያ ይሆናል። 24 ግራም ገደማ። ጤና አዳም ነክራችሁ ያለ ስኳር ጠጡት። መጀመሪያ ላይ ይመራል፣ ምላስ ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዳል። ለቡና ቁርስ ከአምባሻ ይልቅ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ በለውዝ።

ሰው ቤት ስትሄዱ ደግሞ "በሞቴ" አለ። ይህን በእንቢታ መወጣት ከባድ ነው። እናቴ ያገኘችው መላ ይሄ ነው፦ ከመሄዷ በፊት እቤት አንድ ሳህን ሰላጣ በአዚፋ ትበላለች። እዚያ ስትደርስ ጉርሻውን ትቀበላለች፣ ሆዷ ግን ሞልቷል። አንዳንዴ አዚፋውን ይዛ ትሄዳለች፣ እንደ ስጦታ።

8. ቁርስ

ፉል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ፣ ከአንድ ትንሽ ዳቦ ግማሽ ጋር። ወይም የአጃ ገንፎ ያለ ስኳር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ተነስንሶበት። ተልባ ሳይፈጭ ከዋጣችሁት እንዳለ ይወጣል። በውኃ ስትጠጡትም ማር አትጨምሩበት። መድኃኒታችሁን ከተልባው አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁ፣ የሚያሟልጨው ነገር መድኃኒቱን ሊይዘው ስለሚችል።

9. እስከ 9 ሰዓት የምትቆዩ

የምግብ ዓይነት መጾምና ከምግብ መከልከል ለስኳር ሕመምተኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከላይ ባለው መንገድ ይቻላል። ሁለተኛው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ ለሚወስድ ሰው አደጋ አለው። ለሐኪሙም ለነፍስ አባታችሁም እኩል ንገሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን እንዲጎዳ አታስገድድም። ሐፍረት ይዟችሁ ተደብቃችሁ አትጹሙ። እናቴ ለሁለት ዓመት እንዲህ አድርጋለች፣ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ እስክትወድቅ ድረስ።

ምልክቱን ቤተሰብ ሁሉ ይወቅ። ቀዝቃዛ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ ከዚያ ግራ መጋባትና የተሳሰረ ንግግር። ስኳር ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለና ምልክቱ ከታየ፣ ጾሙ እዚያው ይፈታ። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር አልባው ግን አይረዳም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ካልወጣ ድገሙት። ከወጣ በኋላ ምግብ ብሉ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ በቀጥታ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ከቤት ስትወጡ ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ይኑር።

10. ቫይታሚን ቢ12

ከዕፅዋት አይገኝም። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ደግሞ የሰውነትን ቢ12 ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱ ተገጣጥመው ቢ12 ሲጎድል እግር ሊደነዝዝ፣ ሊያቃጥል ይችላል። ይህ የስኳር የነርቭ ጉዳትም ምልክት ስለሆነ "ስኳሩ ነው" ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሜትፎርሚን የምትወስዱ ጿሚዎች፣ በተለይ በፍስክም ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማትነኩ፣ ቢ12 እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። ጉድለቱ በክኒን ወይም በመርፌ ይስተካከላል።

11. አብሽና ሌሎች

አብሽ ስኳርን በመጠኑ ሊያወርድ ይችላል። በመጠኑ። ሽፈራውም ጥቁር አዝሙድም ሲወራላቸው እሰማለሁ። ምግብ ላይ በልኩ ብትጠቀሙባቸው አልቃወምም። መድኃኒት ጥሎ እነሱን የያዘ ሰው ግን አውቃለሁ፣ ዓይኑን ነው የተጎዳው። አብሽ የምትጠጡ ከሆነም ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ከመጠን በላይ ሊያወርድ ይችላል።

12. ከምሳ በኋላ አትቀመጡ

ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተራመዱ። ግቢ ውስጥም ይሆናል። የሚሠራ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። እናቴ ቡናው እስኪፈላ ሰፈሩን አንዴ ትዞራለች።

ለቀጠሮ ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራም ይሠራላችሁ፣ ለብዙ ሰው ከ7 በመቶ በታች ነው የሚፈለገው። ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው ከቁጥሮቹ ትልልቆቹን ቀድማችሁ በቀይ እስክሪብቶ አክብቡለት። "ረቡዕ፣ ቁርስ፣ ፍርፍር፣ 261" የሚለው መስመር ላይ ዓይኑ ካረፈ፣ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ስለ ቁርሳችሁ ይጠይቃችኋል።